ካኒንዴና የአምቡላንሱ ዲናሞ

ሰኞ፣ ሜይ 6

ከእኔ የሚበልጥ ድምፅ ያለው ሰው በብራዚል ምድር አልተፈጠረም። እሺ፣ ብራዚል ሰፊ ናት፤ በፔርናምቡኮ እንበል። ፔርናምቡኮንም ቢሆን ዳር እስከ ዳር ዞሬ አልሰማሁም። በኡምቡራናስ ከተማ ግን፣ ከቄራው እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ካልመጣ፣ የሚበልጠኝ የለም። የሚክድ ካለ ይምጣ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ መምህርት ዙሌይዲ ናት። የማታ ትምህርቱን ስንጨርስ ለሰባታችንም አንዳንድ ሰጠችንና «በየጊዜው ጻፉ፣ እጅ ካልሠራ ይዝጋል፤ ደግሞ ደብተር ላይ አይዋሽም» አለችን። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ ፊደል ከቆጠርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። (ፈተና አልነበረም። ቢኖር ማለቴ ነው።)

ሥራዬ በመኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው። ሱፐርማርኬቱ የዶሮ ዋጋ ሲቀንስ፣ ሰርከስ ሲመጣ፣ ላም ስትጠፋ፣ ሰው ሲሞት እኔና ካኒንዴ እንዞራለን። ካኒንዴ አሮጌዋ ፒክአፔ ናት፤ ከሰውነቱ በላይ በሚጮኸው በሰማያዊና ቢጫው በቀቀን ስም ነው የጠራኋት። የሞት ማስታወቂያ በነጻ ነው። እዚህ ከተማ ካኒንዴ ያላወጀችው ሬሳ እንደ ተሰረቀ ዕቃ በጓሮ በር ወጣ ይባላል።

ባለፈው ወር ትልቅ አምፕሊፋየርና አራት ስፒከር ገጠምኩላት። ኤሪቫልዶ የሚባለው ጎረምሳ በአዲሱ መኪናው ላይ አሥራ ስድስት ስፒከር እንደ ግድግዳ ሲደረድር እኔ እጄን አጣጥፌ ልይ?

ዛሬ ንጋት ላይ የዳቦ ቤቷ ወይዘሮ፣ ዶና አዳልዢዛ፣ ዐረፈች። እንደ ልማዴ በየማዕዘኑ እየቆምኩ፣ የሐዘኑን ሙዚቃ ከፍ አድርጌ፣ «በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን፤ ዶና አዳልዢዛ...» ስል ለካ ድምፁ እዚያችው ላይ ይቆረጣል። እኔ ጋቢና ውስጥ መስኮት ዘግቼ ስለምናገር የምሰማው ራሴን ነው። ዘጠኝ ማዕዘን እንዲሁ ዞርኩ። ከተማው የሰማው «ዶና አዳልዢዛ» ብቻ።

ኡምቡራናስ ውስጥ ሁለት አዳልዢዛ አሉ። ሁለተኛዋ አማቴ ናት።

ሰፈር ስደርስ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ የያዘውን ጣፋጭ ዳቦ የት እንደሚያስቀምጥ ግራ ገብቶታል። አማቴ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍላለች።

«ዤኒቫል! ና እስቲ። ቀብሬ ስንት ሰዓት ነው?»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም፤ መኪናዋ ናት።»

«መኪናዋን ተዋት። አሥራ አራት ሰው ነው የመጣው። አሥራ አራት! ሰባ ዘጠኝ ዓመት ለኖርኩት! ዜፊኛ እንኳ አልመጣችም፤ ሁለት ልጆቿን ክርስትና ያነሳሁላት!»

ሊንዳልቫ፣ ባለቤቴ፣ ግድግዳ ተደግፋ በሻርፗ አፏን ይዛለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እየሳቀች ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

አባ ኦዞሪዮ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሰው የሚሞተው አንዴ ነው። አንዴ ለሚሞት ሰው ግማሽ ማስታወቂያ አይበቃውም።»

የሞት ማስታወቂያ ከዛሬ ጀምሮ በኤሪቫልዶ መኪና ሆኗል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ! መሐረቤን አወጣሁ። ሌላ ነገር አይደለም፣ አቧራ ነው፤ ሜይ ላይ ዝናብ ካጠረ እንዲህ ያደርጋል።

አባ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ዕድል ሰጥተውኛል። ጁን 13 የቅዱስ አንቶኒዮ ዑደት ነው፤ ታቦት ተሸክመው እንደሚሄዱት የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው፣ ሁለት ሰዓት፣ በእግር እርምጃ። ካኒንዴ ከፊት ትሄዳለች። ድምፁ አንዴ ከተቋረጠ ዑደቱም፣ ማስታወቂያውም፣ ሁሉም ለዘለቄታው ለኤሪቫልዶ። ካልተቋረጠ ሁሉም ይመለስልኛል።

«አንዴም አይቋረጥም፣ አባ።»

«ሌላም አለ። በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን ስም በመጨረሻ አንተው ከወረቀት ታነባለህ። መምህርት ዙሌይዲ ማንበብ ችሏል ብላኛለች።»

«በደንብ ነዋ!» አልኳቸው።

እስከ አምና ስሞቹን እያነበበች በጆሮዬ የምታስጠናኝ ሊንዳልቫ ነበረች። ሠላሳ ስምንት ስም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፤ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጊዜ አለ። ዋናው ነገር መኪናዋ ናት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 11

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ሽማግሌ ኤውክሊዲስ የካኒንዴን አፍንጫ ከፍቶ ብዙ ቆየና እንደ ሐኪም ተነፈሰ።

«ዤኒቫል፣ ይህች ዲናሞ የምትሰጠው ሠላሳ አምስት አምፔር ነው። አንተ የጫንክባት ጩኸት መቶ ይፈልጋል። አንዲት ፍየል አልበህ ለሠርግ እርጎ ላቅርብ እያልክ ነው።»

«ታዲያ እየነዳሁ ለምን አይቆረጥም?»

«ስትነዳ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ዲናሞውም ኤሌክትሪክ ያመርታል። ስትቆም ሞተሩ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ እየተንፈቀፈቀ ምን ያምርት? ባትሪው ብቻውን ይሸከማል። ቮልቱ ሲወርድ አምፕሊፋየሩ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ካንተ ይልቅ ብልህ ነው።»

ዑደት ማለት ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሚኒሞ ማለት ነው። ስለዚህ፦ ትልቅ ዲናሞ። ሁለተኛ ባትሪ። አውራ ጣቴን የሚያህል ሽቦ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ዲናሞ አገኘሁ! ከብረታ ብረት ሻጩ ግቢ፣ ከተገለበጠ አምቡላንስ ላይ። መቶ ሃያ አምፔር። ሰው ከሞት ለማዳን የተሠራ ነበር፤ አሁን የሞቱትን ያውጃል። ኤውክሊዲስ «ሥራ አልቀየረም፣ ፈረቃ ነው የቀየረው» አለ። ከእኔ ሌላ ቀልድ የሚችል ሰው በማየቴ ትንሽ ከፋኝ።

ዓርብ፣ ሜይ 17

ዲናሞው እስኪታጠብ ካኒንዴን ቀለም ቀባኋት። ሰማያዊ ከላይ፣ ቢጫ ከሥር። ውጪዋን ብቻ ለምን? ሞተሩ ያለበትንም፣ ከኋላ ባትሪው የሚቀመጥበትንም፣ የሥር አጥንቷን ሻንሲውንም ቀባሁ። ሦስት ሦስት ጊዜ። እንኳን ሰው ዝንብ ብታርፍባት ያንሸራትታታል።

ሊንዳልቫ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ዞራ አየቻት።

«ብሎኑን ሁሉ ቀባኸው?»

«ብሎን ከማን ያንሳል?»

«ወረቀቱንስ አየኸው?»

«የቱን ወረቀት?» አልኳት። ኩስኩሱና የፍየል ሥጋው በጣም ይጣፍጥ ነበር።

ሰኞ፣ ሜይ 20

ተገጠመ። ዲናሞው፣ ሁለቱ ባትሪ፣ ወፍራሙ ሽቦ፣ ሁሉም። ኤውክሊዲስ የፊቱን ሠራ። «የኋላውን ኔጋቲቭ ሽቦ ከሻንሲው ጋር እሰረው፤ ይህን ያህል አያቅትህም» ስላለኝ እኔው በብሎን አጥብቄ አሰርኩት። እስኪያልበኝ ነው ያጠበቅኩት።

ወደ ድልድዩ እየነዳሁ ስከፍተው! የፋርማሲው መስታወት ዘፈነ። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ያለች ሴት ከነመጠቅለያዋ ወጣች። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ከሁለት ዓመት በኋላ መሥራት ጀመረ። (ሰዓቱን ተዉት፣ እሱን ለማሳመር ነው።)

ማዕዘኑ ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። አራት ቃል። ጭጭ።

ሐሙስ፣ ሜይ 23

ቸኩያለሁ። የዲናሞውን ፑሌጃ፣ የጎማ ቀበቶው ቺንጋ የሚያዞረውን መዘውር፣ በትንሽ ቀየርን፤ ዲናሞው በሚኒሞም ቶሎ ቶሎ እንዲዞር። ተሻለ። አሥራ አንድ ቃል። ከዚያ ጭጭ። ኤውክሊዲስ ኮፍያውን መሬት ጣለ። ከኋላ የተቃጠለ ቀለም ይሸተኛል፤ አዲስ ቀለም ስላልደረቀ ነው።

እሁድ፣ ሜይ 26

ከቅዳሴ በኋላ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ካኒንዴን ሲያዩ ጠጠራቸውን አስቀመጡ። ኤሪቫልዶ መሃላቸው ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው የሚሰድበው ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው።

«ጋሼ ዤኒቫል፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ደግሞ ማን በግማሽ ሞተ?»

ሳቁ ድልድዩን ተሻገረ።

«አንተ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ስፒከር ይዘህ አንድ ቁም ነገር ከአፍህ አልወጣም» አልኩት። ሳቁ ለእኔም ሆነልኝ። ጥሩ መልስ ነበር። ግን ስነሣ ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ፤ ሚኒሞው ስላልተስተካከለ ነው።

አመሻሹ ላይ አማቴ ጋ ሄድን። ዜፊኛን አሁንም አላናገረቻትም።

ረቡዕ፣ ሜይ 29

በኤሪቫልዶ ድምፅ ሁለት ሰው ሞተ። በዝርዝሩ አርባ ሆኑ ማለት ነው። ጥሩ አድርጎ አያውጅም፤ የሞተ ሰው በቅናሽ የሚሸጥ ይመስላል። ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት። ሊንዳልቫ መስኮቱን ዘጋችው።

መምህርት ዙሌይዲን መንገድ ላይ አገኘኋት። «ስሞቹ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። «ኧረ መኪናዋ አስቸግራኝ ነው» አልኳት። ዐየችኝ። ስታየኝ እንደዚያ ነች፤ ያልጻፍከውንም ታርማለች።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ፊውዝ ቀየርኩ። ባትሪ አስፈተሽኩ። ስፒከር አውርጄ መልሼ ሰቀልኩ። ቮልት መለኪያው ስጮኽ አሥር ነጥብ ስምንት ይላል። አሥራ ሦስት ካላለ ዋጋ የለውም።

ዛሬ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ሳለሁ ሊንዳልቫና እናቷ በላዬ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው። እዚያ መሆኔን አላወቁም። ወይም ዐውቀዋል።

«ይህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ እዚህ ምን ይሠራል?»

«መኪና እየሠራ አይደለም፣ እማ። ከወረቀት እየሸሸ ነው።»

«ምን ያስፈራዋል? ጨርሷል አሉ አይደል ትምህርቱን?»

«ጨረሰ። ክፍል ውስጥ ያነባል። ገበያ ላይ ምልክት አንብብልኝ ስለው መነጽሬን ረሳሁ ይለኛል። መነጽር የለውም።»

ከሥር ሳልወጣ ብዙ ቆየሁ። ዘይት ይንጠባጠብ ነበር፣ እሱን እያየሁ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

በትልቁ እጽፈዋለሁ፤ ይገባኛል።

ጠዋት ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። እንጀራ ፍለጋ በዞርኩባት ከተማ የማውቃቸው ሰዎች ስም ነው፤ ፊታቸውን እያስታወስኩ ሳነብ ያን ያህል አልከበደኝም። አራት ጊዜ አነበብኩት። በአምስተኛው ሊንዳልቫን አስቀምጬ አነበብኩላት። አንዱንም አላረመችኝም፤ ከረሜላ አመጣችልኝ፣ እንደ ሕፃን። በላሁት።

ከዚያ ማን ያቁመኝ? የከረሜላውን ልጣጭ አነበብኩ። የዘይቱን ጣሳ አነበብኩ። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር፤ ስገዛው ለዕቃው ትራስ መስሎኝ ነበር። ጣቴን እያስከተልኩ እሱንም ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ ኔጋቲቩን ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ከማሰርዎ በፊት፣ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለም እስከ ንጹሕ ብረቱ ድረስ ይፋቁ።

«እርስዎ» ነው ያለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሄጄ ብሎኑን ነካሁት። እንደ ብረት ምጣድ ያቃጥላል። ሦስት ድርብ ቀለም! ኤሌክትሪኩ መንገዱ ላይ ቢጫ ግድግዳ አቆምኩበት፣ ከዚያም ጮክ በል እለዋለሁ። ፈታሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፤ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ። ያን የመሰለ ቀለም ስፍቅ ልቤ እየደማ ነበር። አሰርኩት። ሞተሩን በሚኒሞ ትቼ ሙሉውን ከፈትኩት።

አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። መርፌው አልነቃነቅም አለ።

ኤውክሊዲስ ከጋራዡ ሮጦ መጣ። ወረቀቱን አሳየሁት፤ እያነበብኩለት ማለቴ ነው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ» አለ፣ «እንዲህ ዓይነት ወረቀት አንድም ቀን ገልጬ አላውቅም። ቀባኸው ብዬ መች አሰብኩ? ሻንሲ የሚቀባ ሰው የት አለ?»

«እዚህ አለ» አልኩት።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ዝርዝሩ አርባ። ሁሉንም ዐውቃቸዋለሁ። ከኋላ ወደ ፊትም አነባለሁ። ኤሪቫልዶ ነገ መኪናውን አደባባዩ ላይ አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ለአባ ነግሯቸዋል፤ «ለክፉም ለደጉም» ብሎ። ይጠብቅ፤ ወንበርም ይያዝ።

ሐሙስ፣ ጁን 13

አሸነፍኩ! ከዚህ በኋላ ያለውን ለትውልድ ነው የምጽፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። ቅዱሱ በአበባ ተሸፍኖ በስምንት ሰው ትከሻ፣ ከኋላው ከተማው በሙሉ፣ ቅዱስ አንቶኒዮ አጋቢ ነውና ባል የሚለምኑት ሴቶች ሁሉ ከፊት ከፊት። ካኒንዴ በእግር እርምጃ፤ ከተሸካሚዎቹ ጋር እኩል፣ ሞተሯ በሚኒሞ። መዝሙር፣ ጸሎት፣ የአባ ስብከት፣ እንደገና መዝሙር። ዓይኔ መርፌው ላይ ነው። አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ዳገቱ ላይ አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት። ተመልሶ አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። መስኮቱን ከፍቼ ነው የሄድኩት፤ ከእንግዲህ ዘግቼ አላወራም።

አደባባዩ ላይ ደርሰን ከካኒንዴ ወርጄ ማይኩን ይዤ ቆምኩ። አባ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጨመሩልኝ፦ ትናንት ማታ ያረፈ አንድ ሰው። አርባ አንድ።

አነበብኩ። «ዶና አዳልዢዛ፣ የዳቦ ቤቷ» ብዬ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስጠራ አማቴ ከሕዝቡ መሃል «እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። አደባባዩ በሳቅ ተናጋ፤ አባም ሳቁ፤ አጠገቧ የቆመችው ዜፊኛ በሳቅ እጇን ያዘቻት። አማቴ አልነጠቀቻትም።

የመጨረሻው ስም ላይ ሆን ብዬ ረጅም ዝምታ ጣልኩ፤ ታላላቅ ተናጋሪዎች እንደሚያደርጉት። ኤሪቫልዶ ቸኩሎ «ካኒንዴ ሞተች! ሞተች!» ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ። በሩን ከመክፈቱ በፊት ስሙን ጨረስኩት፤ የቤተ ክርስቲያኑ እርግቦች ተነሡ።

አባ ተጠጉና እጃቸውን ካኒንዴ ላይ ጫኑ። ለበዓሉ ትናንት የደገምኩት ቀለም እጃቸው ላይ ቀረ።

ዓርብ፣ ጁን 14

ማስታወቂያው ተመልሶልኛል! ሊንዳልቫ የበቆሎ ገንፎ ከኮኮናት ጋር ሠርታ ለሰፈሩ አደለች። ኤሪቫልዶ እየተሽኮረመመ መጣ፤ መኪናው ሲቆም የእሱም ስፒከር መብራቱን ያደበዝዘዋል አሉ። «ጋሼ፣ ምን አደረጉባት?» «አንብብ» አልኩት። ከዚያ አሳዘነኝና የብርጭቆ ወረቀቱን ሰጠሁት።

እሁድ፣ ጁን 16

ሐሙስ ዕለት የጻፍኩትን ዛሬ መልሼ አነበብኩት። አንዱ ነገር አላስተኛኝ አለ፤ ያን ዝምታ ሆን ብዬ አልነበረም።

ቁራጯ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም አይቼው አላውቅም። ኤርሜኔዢልዶ ይላል። ማን እንደሆነም አላወቅኩም። ዐይኔ ላይ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሄዱብኝ። ኤሪቫልዶ «ሞተች!» ብሎ ሲጮኽ መኪናዋ በሙሉ ኃይሏ ነበረች፤ ትንፋሼ እንኳ እስከ ድልድዩ ይሰማ ነበር። የተቋረጥኩት እኔ ነኝ። ማይኩን መዝጋት እችል ነበር፤ ፊውዝ ተቃጠለ ብል ሁሉም ያምነኝ ነበር። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አደረግኩት። «ኤር...» አልኩ። «ሜ... ኔ...» ከተማው በሙሉ፣ በአራት ስፒከር፣ በመቶ ሃያ አምፔር፣ ፊደል ስቆጥር ሰማኝ። «ዢል... ዶ።» ማንም አልሳቀም።

ለካ ጎማ ለጣፊው ዢልዶ ነው። ሃያ ዓመት ጎማዬን የለጠፈልኝ ሰው፤ ሙሉ ስሙን ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሚስቱ ዶና ዡራሲ እጄን ያዘችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ባሌን ሰው ሁሉ በሩጫ ነበር የሚጠራው» አለች። «አንተ ግን ጊዜ ሰጠኸው። እስክትጨርስ ድረስ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ መምህርት ዙሌይዲ ብታነበው ትወቀው፦ ሌላው ሁሉ እውነት ነው፣ እርግቦቹም ሳይቀሩ ተነሥተዋል። ዝምታው ግን የታላቅ ተናጋሪ አልነበረም። ማንበብ አቅቶኝ ነው። ከዚያ ቻልኩ።